ባዶ እግር፣ ጫማና የተረከዝ ሕመም፤ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ደጋ የሚነሣ ታሪክ

በሰው አካል ውስጥ እንደ እግር ብዙ ሸክም ተሸክሞ ጥቂት የሚታሰብለት ክፍል ያለ አይመስልም። ዐይን ሲደክም መነጽር፣ ጥርስ ሲታመም ሐኪም ይፈለጋል፤ እግር ግን መራመድ እስኪሳነው ድረስ «ነገ ይሻለዋል» እየተባለ ይኬድበታል። በየሕክምና ክፍላችን ከሚቀርቡት ሕሙማን መካከል «ጧት ከመኝታዬ ተነሥቼ መሬት ስረግጥ ተረከዜን እንደ ሚስማር ይወጋኛል» የሚሉት ጥቂቶች አይደሉም። ይህ ሕመም በሙያው ቋንቋ ፕላንታር ፋሺያይቲስ የሚባለው ሲሆን፣ ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋውን ጠንካራ፣ ጅማት መሰል ሽፋን የሚያጠቃ ነው።

የዚህ ዓመት መጽሔት አዘጋጆች ስለ ተረከዝ ሕመምና ስለ ሩጫ ጫማ አመራረጥ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ነገሩን ከውጭ አገር የጫማ ፋብሪካዎች ከመጀመር ይልቅ ከሰሜን ሸዋ ደጋ መጀመር ተገቢ ሆኖ አገኘሁት። ምክንያቱም በእኛ አገር ስለ እግር ሁለት እምነቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው፣ ባዶ እግር የጀግንነትና የጤንነት ምልክት ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ዋጋው የከበደ ጫማ የተገዛለት እግር ከሕመም ይድናል የሚለው ነው። የደጋው ታሪክ ሁለቱንም አይደግፍም። እግርን ይበልጥ የሚጎዳው ጫማ ማጣቱ ወይም ማግኘቱ ብቻ ሳይሆን፣ ያልለመደውን ሸክም በድንገት እንዲሸከም መገደዱ መሆኑን ከዚህ በታች ለማሳየት እንሞክራለን።

የደጋው እግር

በቀድሞው የአስተዳደር ክፍፍል መንዝና ግሼ አንድ አውራጃ፣ መርሐ ቤቴም ሌላ አውራጃ ነበሩ። መንዝ ራሱ ከጥንት ጀምሮ ጌራ ምድር፣ ማማ ምድርና ላሎ ምድር ተብሎ በሦስት የሚከፈል ሲሆን፣ እንደ ጓሳ ያለው ከፍተኛ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። አገሩ በስተምሥራቅ ወደ ይፋት ቆላ፣ በስተምዕራብ ደግሞ ወደ ወንጪትና ወደ ጀማ ሸለቆዎች በገደል ይቋረጣል። ስለዚህም የመንዝ፣ የግሼም ሆነ የመርሐ ቤቴ ሰው ገበያ ለመውጣት፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ወይም ለቅሶ ለመድረስ ሲነሣ ዳገቱና ቁልቁለቱ የማይቀርለት ዕዳ ነው። በቅሎ የጥቂቶች ነበረች፤ የብዙኃኑ በቅሎ የገዛ እግራቸው ነበር።

የመንዝ ሰው ብርዱን ለመከላከል ከበጉ ጠጉር ባናና በርኖስ እያሠራ ትከሻውን ሲሸፍን፣ እግሩን ግን ለዘመናት ባዶውን ትቶት ኖሯል። ይህም የድህነት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በቀደመው ዘመን መኳንንቱም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ በባዶ እግራቸው ይታዩ ነበርና የአገር ልማድም ጭምር ነበር። መንገደኛው በአንገቱ ማተብ ወይም በመታጠቂያው ላይ ወረንጦ አንጠልጥሎ ይጓዝ የነበረውም እሾህ በወጋው ጊዜ በጥላ ሥር ተቀምጦ ራሱን ለማከም ነው። ወረንጦ የዚያ ዘመን የእግር ሕክምና መሣሪያ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ በታወጀ ጊዜ የሸዋ ሠራዊት እንዲሰበሰብ የተቀጠረው ከመንዝና ከግሼ በስተሰሜን በምትገኘው በወረኢሉ ነበር። ከዚያም አብዛኛው ወታደር በባዶ እግሩ እስከ ዐድዋ ዘልቋል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረውም የጠላት ወረራ ዘመን በራስ አበበ አረጋይ መሪነት በሰሜን ሸዋ የተዋጉት አርበኞች በየገደሉ መውጣትና መውረድን እንደ መሣሪያ ተጠቅመውበታል። አማርኛችን ከአደጋ ያመለጠውን ሰው «እግሬ አውጪኝ አለ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንዲህ ያለው እግር በሳይንስ ዐይን ሲታይ ምን ይመስላል? አሜሪካዊው ሐኪም ፊል ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1905 ጫማ አድርገው የማያውቁ የ186 ሰዎችን እግር መርምረው፣ የፊተኛው ክፍል ሰፊ፣ ጣቶቹም ያልተጣበቁ መሆናቸውን ገለጹ። ጫማ ያደረጉት ሰዎች እግር ግን የጫማቸውን ቅርጽ ይዞ መገኘቱን አስረዱ። በሕንድ አገር ራኦና ጆሴፍ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት፣ 2,300 ሕፃናትን ባካተተ ጥናት፣ ጠፍጣፋ እግር ጫማ በሚያደርጉት ሕፃናት ላይ 8.6 ከመቶ፣ በማያደርጉት ላይ ግን 2.8 ከመቶ ሆኖ ተገኝቷል። በጎረቤታችን በኬንያ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሥራ ደግሞ፣ በባዶ እግር የሚሄድ ሰው የውስጥ እግሩ ቆዳ ቢወፍርም መሬቱን የመለየት ስሜቱ እንደማይቀንስ አሳይቷል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የደጋው እግር ጥንካሬ በአንድ ቀን የተገኘ አለመሆኑን ነው። እረኛው ልጅ መራመድ ከጀመረበት ዕለት አንሥቶ ጡንቻው፣ ጅማቱና አጥንቱ ከድንጋዩና ከዳገቱ ጋር አብረው አድገዋል። ይህንኑ እግር በአንድ ጊዜ ወደ ሲሚንቶ ወለል ማዛወርም ሆነ፣ በጫማ ያደገውን እግር በአንድ ጊዜ ባዶ ማድረግ አንድ ዐይነት ስሕተት ነው።

ከጃቶ እስከ ሮም፣ ከሮም እስከ ቶኪዮ

ከመንዝ በስተደቡብ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ከመንዲዳ ከተማ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ጃቶ የምትባል መንደር ትገኛለች። ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. የተወለደው በዚህች መንደር ነው። ስለ እግርና ስለ ጫማ በዓለም ላይ ብዙ የተባለለት ሰው ከዚሁ ደጋ መውጣቱ ለጽሑፋችን ትልቅ ትርጉም አለው።

የአዲስ ዓመት ዋዜማ በነበረው በጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት፣ የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ 42.195 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ፈጸመ። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደስላም በ25 ሴኮንድ ያህል ቀድሞ ሲገባ፣ ሰዓቱ በጊዜው የዓለም ምርጥ ሰዓት ሆኖ ተመዘገበ። በሚቀጥለው ቀን የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ስለ ባዶ እግሩ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሲወራ ሲወራ «ጫማ መግዣ ስላልነበረው» ወደሚል ተረት ተለወጠ።

እውነቱ ግን ከዚህ የተለየና ለእኛም ይበልጥ የሚጠቅም ነው። በሮም የተገኘው አዲስ ጫማ የአበበን እግር አልተስማማውም፤ እያቆሰለም አስቸገረው። እርሱ ደግሞ በልምምድ ጊዜ ባዶ እግሩን መሮጥ የለመደ ሰው ነበር። ስለዚህ በአሠልጣኙ በስዊድናዊው በኦኒ ኒስካነን ዘንድ የተደረሰበት ውሳኔ የማስታወቂያ ሳይሆን የሙያ ውሳኔ ነበር። ለዚያ ውሎ፣ ለዚያ እግር፣ የማይስማማው አዲስ ጫማ ከለመደው ባዶ እግር የባሰ ነው ማለት ነው።

አበበ ባዶ እግርን እንደ መሐላ እንዳልያዘው ተከታዩ ታሪክ ያስረዳል። በሰኔ 1953 ዓ.ም. በጃፓን በኦሳካ በተደረገው የማራቶን ውድድር፣ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የተባሉት የጫማ ሠሪ ባቀረቡለት ጫማ ሮጦ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ 40 ቀን እንኳ ሳይሞላው፣ ነጭ ካልሲና የፑማ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ገባ። ይህም ከሮም ሰዓቱ በሦስት ደቂቃ የተሻለ ነበር፤ ሁለተኛ የወጣውንም ሯጭ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። እንግዲህ ያው ሰው በባዶ እግሩም በጫማም የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ልዩነቱን ያመጣው ጫማው ሳይሆን የሯጩ ዝግጅትና የጫማው ከእግሩ ጋር መስማማት ነበር።

ሦስተኛው ምዕራፍ አሳዛኝ ቢሆንም ትምህርቱ አይናቅም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ አበበ የቆየ የግራ እግር ጉዳት ይዞ ተሰለፈ፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦም ለማቋረጥ ተገደደ። ድሉን የወሰደው ጓደኛው ማሞ ወልዴ ነበር። በሕመም ላይ መሮጥ ጀግናንም ቢሆን እንደማይምር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

አፈሩና ጫማው

ባዶ እግርን የሚያሞግስ ሰው የኢትዮጵያን ደጋ አፈር ታሪክ አብሮ ማንበብ ይኖርበታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ቀደም ሲል በናይጄሪያ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የውስጥ እግር ቁስል ያጠኑ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ በሠሩበት ወቅት ደግሞ፣ በደጋው ገበሬ ላይ የሚታየው የእግር እብጠት፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው በሽታ፣ በትንኝ ከሚተላለፈው የተለየ መሆኑን አስረዱ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ የሸክላ አፈር ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳሉ። ፕራይስ ለዚህ በሽታ ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጡለት። በሽታው በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት ተረጋግጧል፤ በኢትዮጵያም 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሚሠቃዩበት ተገምቷል።

የዚህ በሽታ መከላከያ ምንኛ ቀላል ነው! ከልጅነት ጀምሮ እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት፣ በሽታው ከያዛቸውም በኋላ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባትና ጫማና ካልሲ ማድረግ በየጊዜው የሚነሣውን የእግር መቆጣት እንደሚቀንስ አሳይቷል። በአዲስ አበባ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአለርት ማዕከልም፣ ስሜቱን ያጣ እግር በተስማሚ ጫማ ከቁስል ሊጠበቅ እንደሚችል ለብዙ ዓመታት አስተምሯል። ስለዚህ ጫማ ለደጋው ሰው ጌጥ ሳይሆን መድኃኒት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ገበሬው ጫማ ማድረግ በጀመረ ጊዜ ያገኘው ግን ለእግሩ የተሠራ ጫማ አልነበረም። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚቆረጠው በረባሶና ኮንጎ የሚባለው የፕላስቲክ ጫማ ርካሽና የማያልቅ በመሆናቸው በየገበያው ተስፋፉ። ሁለቱም ከእሾህና ከአፈር ይጠብቃሉ፤ ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ነገር ግን ኮንጎ ላብ ይይዛል፣ ተረከዝን አያለሰልስም፣ በመጠኑም ለሰፊው የደጋ እግር ይጠባል። በዚህ ላይ ሕይወቱ ራሱ ተለወጠ። የመንዝና የመርሐ ቤቴ ልጅ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ገብቶ ዘበኛ፣ አስተናጋጅ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆነ፤ በዳገት ይራመድ የነበረ እግር በሲሚንቶ ላይ ቀኑን ሙሉ መቆም ያዘ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዳንኤል ሪድል ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳዩት፣ ለተረከዝ ሕመም ከሚያጋልጡት ነገሮች ዋነኞቹ የቁርጭምጭሚት ወደ ላይ አለመታጠፍ፣ የሰውነት ክብደት መጨመርና በሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ መቆም ናቸው። ከደጋው ወደ ከተማ የገባው ሰው ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይደርሱበታል።

የተረከዝ ሕመም በሕክምና ታሪክ

ይህን ሕመም በጽሑፍ በመግለጽ ቀዳሚ እንደሆኑ የሚነገርላቸው ዊልያም ዉድ ሲሆኑ፣ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1812 ምክንያቱን የሳንባ ነቀርሳ አድርገውት ነበር። ኤክስሬይ ከተፈለሰፈ በኋላ ደግሞ ከተረከዝ አጥንት ሥር የሚወጣ ትንሽ አጥንት ታየና ጥፋቱ ሁሉ በእርሱ ላይ ተጣለ። እ.ኤ.አ. በ1900 ፕሌትነር የተባሉ ሐኪም የተረከዝ ሹል አጥንት ብለው የሰየሙት ይኸው ነበር። ብዙ ሰዎች ይህ አጥንት እያላቸው ሕመም የማይሰማቸው ስለሆነ፣ ዛሬ እንደ ዋና ምክንያት አይቆጠርም። በኤክስሬይ የታየውን «አጥንት አብቅሏል» ብሎ ሕሙሙን ማስፈራራት ስለዚህ ተገቢ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1954 ጆን ሂክስ የፋሺያውን አሠራር ሲያብራሩ፣ በምንራመድበት ጊዜ ጣቶች ወደ ላይ ሲታጠፉ ፋሺያው እንደ ገመድ ተጠቅልሎ የእግርን ቅስት እንደሚያነሣ አሳዩ። በእያንዳንዱ እርምጃ የሚወጠረው ይህ ገመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሃርቪ ለሞንት ከባልደረቦቻቸው ጋር በቀዶ ሕክምና የተወሰዱ 50 ናሙናዎችን መርምረው፣ ያገኙት የሕዋሳት መቆጣት ሳይሆን የጅማቱ መበላሸትና መድከም ነበር። ይህ ግኝት የሕክምናውን አቅጣጫ ለወጠው፤ ድካም የመታውን ጅማት በመርፌ ከማብረድ ይልቅ ቀስ በቀስ ማጠንከር ይሻላልና ነው። የስቴሮይድ መርፌ ለጊዜው ሕመምን ቢያስታግሥም ፋሺያው እንዲበጠስ ሊያጋልጥ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

በተግባር የተፈተኑት ሁለት እንቅስቃሴዎች ዋጋ የማይጠይቁ በመሆናቸው ለደጋው ሕሙም እጅግ ይስማማሉ። አንደኛው፣ ዲጆቫኒና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረቡት ነው። ሕሙሙ ጧት መሬት ከመርገጡ በፊት የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ አድርጎ ጣቶቹን በእጁ ወደ ቅልጥሙ ይስባል፤ 10 ሴኮንድ ያቆያል፤ 10 ጊዜ ይደግማል፤ ይህንንም በቀን 3 ጊዜ ያደርጋል። ሁለተኛው፣ ራትሌፍና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 በ48 ሕሙማን ላይ የፈተኑት ነው። የተጠቀለለ ፎጣ ከጣቶች ሥር አድርጎ በደረጃ ወይም በድንጋይ ጠርዝ ላይ በመቆም፣ በ3 ሴኮንድ ተረከዝን ማንሣት፣ 2 ሴኮንድ ማቆየት፣ በ3 ሴኮንድ ማውረድ ነው። ይህም በየሁለት ቀኑ፣ ሸክሙን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ይሠራል። በዚህ መንገድ የታከሙት ሕሙማን ከ3 ወር በኋላ ማሳሳብ ብቻ ከሠሩት ተሽለው ተገኝተዋል።

ባትና ከእርሱ የሚወርደው የአኪለስ ጅማት ከዚህ ሥራ ተለይተው አይታዩም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1993 ዓ.ም. መባቻ በሲድኒ ያሸነፈው የአኪለስ ጅማቱ ታምሞ እንደነበርና በኋላም ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት ይታወሳል። ባቱ የጠነከረና የማይታጠፍ ሯጭ ጭነቱን ወደ ተረከዙ ይገፋዋል።

ሆኖም የተረከዝ ሕመም ሁሉ ፕላንታር ፋሺያይቲስ አይደለም። በደጋው ብርድ የሚመጣው የቆዳ ንቃቃት በዐይን ይለያል። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ትኩሳት፣ መደንዘዝ፣ ተረከዙ ከግራና ከቀኝ ሲጨመቅ የሚሰማ ከባድ ሕመም፣ ወይም በወጣት ሰው ላይ ከወገብ መድረቅ ጋር በሁለቱም ተረከዞች የሚታይ ሕመም ሲያጋጥም ሌላ ምርመራ ግዴታ ነው።

ስለ ሩጫ ጫማ አመራረጥ

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሩጫ ጫማ ኢንዱስትሪ እግርን በሦስት መድቦ፣ ለጠፍጣፋው አንድ፣ ለመካከለኛው ሌላ፣ ቅስቱ ለረዘመው ደግሞ ሌላ ጫማ መሸጥ ጀመረ። ጆሴፍ ክናፒክና ባልደረቦቻቸው ይህን ደንብ በአሜሪካ ምድር ጦር፣ አየር ኃይልና ባሕር ወለድ ምልምሎች ላይ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 ውጤቱን ሲያወጡ፣ በእግር ቅስት ተመርጦ የተሰጠ ጫማ ጉዳትን አልቀነሰም። ቀጥሎ ደግሞ ተቃራኒው ፋሽን መጣ፤ ወደ ባዶ እግር የሚጠጋ ስስ ጫማ ተወደደ። ሳራ ሪጅና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት፣ በ10 ሳምንት ውስጥ ወደ ስስ ጫማ ከተዛወሩት 19 ሯጮች በ10ሩ የእግር አጥንት ላይ የጉዳት ምልክት ታየ። አበውስ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው የለ!

በሌላው ጫፍ፣ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ በበርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ በመግባት በጊዜው የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ዋጋው 500 ዶላር የሆነና ለአንድ ማራቶን እንዲያገለግል የተሠራ ነበር። ይህ የውድድር መሣሪያ እንጂ ተረከዙን ለታመመ የጧት ሯጭ የሚታዘዝ አይደለም።

እንግዲህ ሕሙማን በሚጠይቁን ጊዜ ልንመክራቸው የሚገባው ቀላል ነገር ነው። ጫማ የሚገዛው እግር በዋለበት፣ ትንሽ ባበጠበት በከሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱም እግሮች ይለኩ፤ ትልቁ እግር ይወስን። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። በባዶ እግር ያደገ ሰው እግሩ ከፊት ሰፊ ስለሆነ፣ የጫማውን የውስጥ ሶል አውጥቶ ይቁምበት፤ እግሩ ከሶሉ ውጭ ከፈሰሰ ጫማው አይሆነውም። ከሁሉም በላይ ሮጦ ይሞክረው፤ «ሲለመድ ይሰፋል» ተብሎ የሚገዛ ጫማ የሮሙን ጫማ ታሪክ የሚደግም ነው። ልባሽ ጫማ የሚገዛም ሰው፣ ሶሉ በአንድ በኩል የተበላውንና ሲጫኑት የማይመለሰውን ይተው፤ የሌላውን ሰው አረጋገጥ ተሸክሟልና ነው። ሕመሙ ባለበት ጊዜ ተረከዙ የሚለሰልስ ጫማ በቤት ውስጥም ጭምር ማድረግ ይረዳል። ለዚሁ ተብሎ የሚገባውን ሶል በተመለከተ፣ ካርል ላንዶርፍና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 በ135 ሕሙማን ላይ ባደረጉት ጥናት ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ርካሹ ሶል በልክ ከሚሠራው ውዱ አላነሰም፤ ከ12 ወር በኋላም በሁሉም መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም።

መደምደሚያ

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚተርፈው ቁም ነገር አንድ ነው። አብዛኛው የተረከዝ ሕመም ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በወራት ውስጥ እየተሻለ የሚሄድ ነው፤ የሚጠይቀውም ትዕግሥት፣ ሸክምን መመጠን፣ ጅማትን ማጠንከርና የሚስማማ ጫማ ነው። ይህን በቅጡ ያልተነገረው ሰው ግን ወይ «አባቶቼ በባዶ እግራቸው ዐድዋ ደርሰዋል» ብሎ ሕመሙን ይንቃል፣ ወይ የወር ደመወዙን ለማይረዳው ጫማ ያወጣል።

በመሐል ሜዳ፣ በዓለም ከተማም ሆነ በራቤል ጤና ጣቢያ የሚሠራ ባልደረባችን ውድ መሣሪያ ባይኖረውም፣ ሕሙሙ ከየት እንደመጣ፣ በምን ላይ እንደሚቆም፣ ምን ጫማ አድርጎ እንደሚውል ለመጠየቅ አፍ አለው፤ ተረከዙን ለመዳሰስም እጅ አለው። የሕሙሙን ጫማ አስወልቆ ውስጡን ማየት የምርመራው አካል ይሁን። ለሕፃናት ጫማ ሲሰበክም የሚሰበከው እግርን ከአፈሩ የሚጠብቅ፣ ግን የማያጠብ ጫማ ይሁን። አበበ ቢቂላ በሮም የማይስማማውን ጫማ ትቶ፣ በቶኪዮ የተስማማውን ማድረጉ ለእኛ የተወልን ምክር ይህ ነው፤ እግሩ ጠየቀ፣ እርሱም እግሩን ሰማ።